የተበዳይን እንባ ማን ይጠብቅ? ከዲዋን አል-መዛሊም እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም

(በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ አድማጮቻችን! የዛሬውን ዝግጅታችንን ከበግዳድ እንጀምር። ዘመኑ የዐባሲያው ኸሊፋ የመእሙን ዘመን ነው። ኸሊፋው እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 በሥልጣን ላይ የቆየ ሲሆን፣ እሑድ እሑድ የተበዳዮችን አቤቱታ ለመስማት ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ችሎቱ አብቅቶ ከመቀመጫው ሲነሳ ያረጀ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት ከፊቱ ቆመች። ርስቷን በጉልበት መነጠቋን ነገረችው። የሶላት ሰዓት ደርሶ ስለነበር በሚቀጥለው እሑድ እንድትመጣ አዘዛት።

እሑድ ደረሰ። መጀመሪያ የተጠራችው እርሷ ነበረች። ኸሊፋው ባላጋራዋ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ሴትየዋም እጇን ወደ ኸሊፋው ራስጌ ዘረጋች። እዚያ የቆመው የኸሊፋው የገዛ ልጅ ዐባስ ነበር!

መእሙን ምን አደረገ? ልጁን ከሴትየዋ ጎን አስቀመጠው። ጉዳዩን ግን እርሱ ራሱ አላየውም፤ ቃዲው የሕያ ኢብኑ አክሠም እንዲሰማው አደረገ። በክርክሩ መሀል የሴትየዋ ድምፅ ከልዑሉ ድምፅ በላይ ከፍ አለ። ከአጃቢዎቹ አንዱ ሊቆጣት ሲነሳ ኸሊፋው ከለከለው፤ እርሷን ያናገራት እውነት፣ ልጁንም ዝም ያሰኘው ሐሰት መሆኑን ገለጸለት። በመጨረሻም ርስቷ እንዲመለስላት ተወሰነ።

ይህን ታሪክ የመዘገበልን ታላቁ የሻፊዒያ መዝሀብ ሊቅ አቡል-ሐሰን አል-ማወርዲ ነው። አል-ማወርዲ በ450 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) በበግዳድ ያረፈ ሲሆን፣ ስለ መንግሥት አስተዳደር በጻፈው «አል-አሕካሙ ሡልጧኒያ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ስለ መዛሊም፣ ማለትም ስለ በደል ጉዳዮች፣ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ሊቁ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አስተውሏል። መእሙን ጉዳዩን ለሌላ ሰው የሰጠው ፍርዱ ለልጁ ወይም በልጁ ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው። አባት በልጁ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይገባውምና!

ውድ አድማጮች! ዛሬ በዓለም ላይ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ስለሚገኘው የእንባ ጠባቂ ተቋም ሲወራ የሚነሳው ዋናው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። ባለሥልጣን ሲበድል በደሉን የሚሰማው ማነው? የሚሰማውስ ከበዳዩ ጋር ምን ዝምድና አለው? ሰምቶ ሲያበቃስ ምን ማድረግ ይችላል? በዛሬው ንግግራችን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን ታሪክን እንቃኛለን ኢንሻአላህ።

የመዛሊም አመጣጥ

አል-ማወርዲ የመዛሊምን ሥር ፍለጋ ሲሄድ ከነቢይነት በፊት ወደነበረው መካ ይወስደናል። አንድ የየመን ነጋዴ ሸቀጡን ለአል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጦ ገንዘቡን ተከለከለ። በመካ ዘመድ አልነበረውም። አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮኾ ለሕዝብ አሰማ። በዚህ የተነሳ የቁረይሽ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበዳዩ ወገን ማንም ይሁን ማን መብቱ እስኪመለስ ከጎኑ ሊቆሙ ተማማሉ። ይህም «ሒልፈል ፉዱል» ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ገና ወጣት ሳሉ በዚህ ስምምነት ላይ ተገኝተዋል፤ ከነቢይነት በኋላም አመስግነውታል፤ በኢስላም ዘመን ለመሰል ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉም ተናግረዋል።

በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ የተሿሚዎችን ሥራ መመርመር መልክ እየያዘ መጣ። ዑመር (ረ.ዐ) በሹማምንት ላይ አቤቱታ ሲቀርብ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን (ረ.ዐ) ይልኩ ነበር። የኩፋ ሰዎች በገዢያቸው በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ በከሰሱ ጊዜ ምርመራው የተካሄደው በየመስጂዱ፣ በሕዝብ ፊት፣ ሰዕድ ራሳቸው ባሉበት ነበር። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ስለ ሰዕድ መልካም መሰከሩ። እዚህ ላይ ልብ እንበል። ግልጽ ምርመራ የሚጠቅመው ለከሳሽ ብቻ አይደለም፤ በሐሰት ስሙ ለጠፋ ሹምም መዳኛው ነው። መርማሪን የባለሥልጣን ጠላት አድርጎ ማየት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለአቤቱታ ብቻ የተለየ ቀን የመደበው የመጀመሪያው ኸሊፋ፣ አል-ማወርዲ እንደጻፈው፣ ዐብዱል መሊክ ኢብኑ መርዋን (ከ685 እስከ 705 እ.ኤ.አ.) ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (ከ717 እስከ 720) አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። የራሳቸው ቤተሰብ የሆኑት በኑ ኡመያዎች ያለ አግባብ የያዙትን ንብረት ለባለቤቶቹ መለሱ። ዘመዶቻቸው ቅር ቢሰኙም ሥራውን አላቋረጡም።

ሥልጣኑ ምን ድረስ ነበር?

አል-ማወርዲ ለመዛሊም ተመልካች አሥር ዓይነት ጉዳዮችን ይዘረዝራል። ከእነዚህም ውስጥ ገዢዎች በሕዝብ ላይ የሚያደርሱት ግፍ፣ ግብር ሰብሳቢዎች ከልክ በላይ የሚወስዱት፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች በመዝገብ ላይ የሚሠሩት ጥፋት፣ ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው ወይም የዘገየባቸው ሰዎች አቤቱታ፣ በጉልበት የተወሰደ ርስት፣ የወቅፍ ንብረት አያያዝ፣ እንዲሁም ቃዲዎች ፈርደው ባለ ጉልበቱን ማስፈጸም ያቃታቸው ውሳኔዎች ይገኙበታል።

ዝርዝሩን ስንሰማ የዛሬ ይመስላል። ደመወዝ የዘገየበት ሠራተኛ፣ መዝገቡ የጠፋበት ባለ ጉዳይ፣ ተፈርዶለት የሚያስፈጽምለት ያጣ ሰው በየትኛው ከተማ የለም? ከዚህ ዝርዝር የምንረዳው አንድ አስፈላጊ ነጥብ አለ። ከአሥሩ አንዳንዶቹን የመዛሊም ተመልካቹ የሚያያቸው ከሳሽ ሳይጠብቅ በራሱ አነሳሽነት ነበር። የግብር አሰባሰብንና የመዝገብ ቤትን ሥራ መመርመር የእርሱ ግዴታ ነው፤ ሰው እስኪያለቅስ መጠበቅ የለበትም።

በችሎቱም ላይ አምስት ወገኖች እንዲገኙ ሊቁ ያዝዛል፤ ጠባቂዎች፣ ቃዲዎች፣ የፊቅህ ሊቃውንት፣ ጸሐፊዎችና ምስክሮች። ጠባቂው ባለ ጉልበቱን ያቀርባል፤ ቃዲው የሕጉን መንገድ ያሳያል፤ ፈቂሁ የከበደውን ይፈታል፤ ጸሐፊው የተባለውን ይመዘግባል፤ ምስክሩ ውሳኔውን ያጸናል። ሥልጣን ብቻውን ግፍ ይሆናል፤ ሕግ ብቻውን ደግሞ አቅም ያጣል። መዛሊም የተፈለገው ሁለቱን ለማገናኘት ነው።

ለዚህ ሥራ ሴት የተሾመችበት ጊዜም ነበር። በ306 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 918) የኸሊፋው አል-ሙቅተዲር እናት ሡመል የተባለችውን የቤተ መንግሥት ሹም በበግዳድ የመዛሊም ተመልካች አድርጋ አስቀመጠቻት። ሰዉ በመጀመሪያ ቢያመነታም አንድ ቃዲ አብሯት በተቀመጠ ጊዜ ሥራው ተጀመረ፤ ውሳኔዎቹም በእርሷ ፊርማ ወጡ።

በደማስቆ የተሠራው ቤት

የተከበራችሁ አድማጮች! አሁን ደግሞ ወደ ሻም እንሻገር። ኑረዲን መሕሙድ ኢብኑ ዘንጊ እ.ኤ.አ. በ1154 ደማስቆን ከያዘ በኋላ አሚሮቹ በከተማዪቱ ርስት ማካበት ጀመሩ፤ ጎረቤቶቻቸውንም ይገፉ ነበር። ሕዝቡ ለቃዲው ለከማሉዲን አሽ-ሸህረዙሪ ከሰሰ። ቃዲው ለብዙዎቹ ፈረደ። ከሁሉም በላይ ኃያል በነበረው በአሰዱዲን ሺርኩህ ላይ ግን እጁ አልደረሰም። ይህን የሰማው ኑረዲን «ዳሩል ዐድል»፣ የፍትሕ ቤት፣ እንዲሠራ አዘዘ።

ሺርኩህ ዜናውን ሲሰማ ነገሩ ገባው። ይህ ቤት ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለእርሱ እንደሚሠራ ለሹሞቹ ነግሮ፣ ከእነርሱ በአንዱ ምክንያት እዚያ ከቀረበ እንደሚቀጣቸው አስጠነቀቀ። ሹሞቹም እየዞሩ የተበደለውን ሁሉ ካሱ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሢር እንደሚተርከው፣ ኑረዲን በችሎት መቀመጥ ሲጀምር በሺርኩህ ላይ አቤት ያለ ሰው አልነበረም።

ሱብሓነላህ! አንድም መዝገብ ሳይከፈት በደል ተመለሰ። ሺርኩህን ያስፈራው የሕንፃው ድንጋይ አልነበረም፤ በውስጡ የሚቀመጠው ሰው እንደማይፈራው ማወቁ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ደካማ ሰው ቢቀመጥበት ኖሮ ሺርኩህ ሹሞቹን ባልጠራ ነበር።

የሥርዓቱ ድካም

ይሁን እንጂ ታሪክን ስናወራ የሚያኮራውን ብቻ አንመርጥም። የመዛሊም ሥርዓት አንድ ትልቅ ድካም ነበረበት፤ ሁሉ ነገር በገዢው በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ኸሊፋ አል-ሙህተዲ (ከ869 እስከ 870 እ.ኤ.አ.) አራት በሮች ያሉት ጉልላት አሠርቶ ተራውንም ከበርቴውንም ይሰማ ነበር። ነገር ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላው በቱርክ ወታደሮች ተገደለ። አል-ማወርዲም ከኸሊፋዎች ለመዛሊም በመቀመጥ የመጨረሻው እርሱ መሆኑን ይነግረናል። ሰውየው ሲሞት ወንበሩም ባዶ ቀረ።

ደግ ገዢ ሲነግሥ በሩ ይከፈታል፤ ክፉ ሲነግሥ ይዘጋል። ገዢው ራሱ በዳይ ሲሆንስ ወዴት ይኬዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሌላ አገርና ሌላ ዘመን መጠበቅ አስፈለገ።

ከቱርክ ምድር የተጻፈ ደብዳቤ

እ.ኤ.አ. በ1709 የስዊድኑ ንጉሥ ካርል 12ኛ በፖልታቫ ጦርነት በሩሲያ ተሸንፎ ወደ ዑሥማኒያ ግዛት ተሰደደ። በሱልጣን አሕመድ 3ኛ ዘመን እስከ 1714 ድረስ በዚያው ቆየ። ንጉሡ በሌለበት የስዊድን ሹማምንት እንደልባቸው ሆኑ። በመሆኑም በ1713 ከዚያው ከስደት ምድሩ ትእዛዝ ልኮ፣ ሹማምንቱ ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተል «የንጉሡ ከፍተኛ ኦምቡድስማን» ሾመ። ኦምቡድስማን በስዊድንኛ ወኪል ማለት ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ንጉሡ ይህን ሐሳብ ያገኘው በዑሥማኒያ ካያቸው የአቤቱታ መቀበያ ሥርዓቶች ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ለዚህ ቁርጥ ያለ ሰነድ አልቀረበም ብለው ይከራከራሉ። እኛም ከማስረጃው በላይ አንሄድም። የተረጋገጠው ግን ትእዛዙ የተጻፈው በሙስሊሞች ምድር መሆኑ፣ ወኪሉም ልክ እንደ መዛሊሙ ተመልካች የገዢው ሰው መሆኑ ነው። በ1719 ይህ ሹመት የፍትሕ ቻንስለር ተባለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ90 ዓመት በኋላ ነው። በ1809 ስዊድናውያን ንጉሣቸውን ጉስታቭ 4ኛ አዶልፍን ከዙፋን አውርደው አዲስ ሕገ መንግሥት አወጡ። የንጉሡ ቻንስለር ባለበት ቀረ፤ ከጎኑ ግን ሌላ ሰው ቆመ፤ በምክር ቤቱ የሚመረጥ፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ የሆነ እንባ ጠባቂ! በ1810 ላርስ አውጉስቲን ማነርሄይም የመጀመሪያው ሆኖ ተመረጠ። ሹሙን የሚመረምረው ሰው ከእንግዲህ የሹሙ አለቃ አገልጋይ አይደለም። ወንበሩም ከአንድ ሰው ደግነት ወጥቶ በሕግ ላይ ተተከለ። አል-ሙህተዲ ሲሞት ባዶ የቀረው ወንበር መድኃኒቱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ምክር ወይስ ክስ?

የስዊድኑ እንባ ጠባቂ ከመጀመሪያው ጀምሮ መዝገብ የማስቀረብ፣ መሥሪያ ቤቶችን የመጎብኘትና አጥፊ ሹምን በፍርድ ቤት የመክሰስ ሥልጣን ነበረው፤ አለውም። ፊንላንድ በ1919 ሕገ መንግሥቷ ተመሳሳዩን አቋቋመች። ዴንማርክ ግን በ1955 ስቴፋን ሁርቪትዝን ስትሾም ሌላ መንገድ ያዘች። የዴንማርኩ ዋና መሣሪያ ምርመራ፣ ትችትና የውሳኔ ሐሳብ ነው። በ1962 ኒውዚላንድ፣ በ1967 ብሪታንያ የተከተሉት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ በዓለም የተስፋፋውም እርሱ ነው።

«ማዘዝ የማይችል ሰው ምን ይጠቅማል?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የውሳኔ ሐሳብ ጉልበት የሚያገኘው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ሲወጣ። ሁለተኛ፣ ሹሙ ምክሩን ሲጥል ምክር ቤቱ ጠርቶ «ለምን?» ሲለው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የውሳኔ ሐሳብ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው።

የታንዛኒያ ታሪክ ይህን ያሳያል። በአፍሪካ የመጀመሪያው የሚባለው የታንዛኒያ ቋሚ የምርመራ ኮሚሽን ሥራ የጀመረው በ1966 ነው። በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ የገበሬውን ቃል መስማቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ሪፖርቱ የሚቀርበው ለፕሬዚዳንቱ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ምርመራን ማስቆም ይችሉ ነበር። ኮሚሽኑ በ2001 ለሰብዓዊ መብትና ለመልካም አስተዳደር በተቋቋመ ሌላ ኮሚሽን ተተክቷል።

በሙስሊም አገሮችም ጥንታዊው ስም በአዲስ መልክ ተመልሷል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1955 ዲዋን አል-መዛሊምን አቋቋመች፤ በ1982 ራሱን የቻለ የአስተዳደር ፍርድ አካል ሆነ፤ ተጠሪነቱ ግን በቀጥታ ለንጉሡ ነበር። ፓኪስታን በ1983 «ወፋቂ ሙሕተሲብ» የተባለውን የፌዴራል እንባ ጠባቂ መሠረተች፤ ስሙ የተወሰደው ገበያንና ሥርዓትን ይቆጣጠር ከነበረው ሙሕተሲብ ነው። የሚሾመው ግን በፕሬዚዳንቱ ነው። ሞሮኮም በ2001 ዲዋን አል-መዛሊምን በንጉሣዊ ድንጋጌ አቁማ፣ በ2011 «ወሲጥ»፣ ማለትም አስታራቂ፣ በሚል ተቋም ተክታዋለች። ስም መመለስ መልካም ነው። ጥያቄው ግን ያው የጥንቱ ነው፤ ወንበሩ የማነው?

በእኛ አገር

በአገራችን ተበዳይ «አቤት!» ሲል ኖሯል። በንጉሡ ዘመን የመጨረሻው ደጅ ዙፋን ችሎት ነበር። እዚያ ለመድረስ ስንቅ ቋጥሮ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ወራት መጠበቅ የግድ ነበር፤ ውሳኔውም የአንድ ሰው ቃል ነው። በ1966 ዓ.ል. አብዮት ያ ደጅ ተዘጋ።

በ1987 ዓ.ል. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲያቋቁም አዘዘ። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ተመሠረተ፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ሆነ። ከዚያ ወዲህም ሕጉ ተሻሽሏል። በ2000 ዓ.ል. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ሕዝብ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ የማግኘት መብቱን የመከታተል ኃላፊነት ጨመረለት። ስሙን ግን አስተውሉ። ስዊድኖች «ወኪል» ያሉትን የእኛ ሰዎች «እንባ ጠባቂ» አሉት። የተበዳይ እንባ መሬት እንዳይወድቅ የሚጠብቅ! ከዚህ የበለጠ ከባድ አማና የያዘ የሥራ መጠሪያ የት ይገኛል?

ተቋሙ አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ይመረምራል፤ ለማስማማት ይጥራል፤ የውሳኔ ሐሳብ ይሰጣል። ገደቦችም አሉበት። የ1992ቱ አዋጅ የተመረጡ ምክር ቤቶች ሕግ በማውጣት የሚሰጧቸውን ውሳኔዎች፣ በፍርድ ቤት የተያዙ ጉዳዮችን፣ በዋናው ኦዲተር የሚመረመሩትን፣ እንዲሁም የጸጥታ ኃይሎች የአገር ደኅንነትን በተመለከተ የሚሰጧቸውን ውሳኔዎች ከሥልጣኑ ውጭ አድርጓል። አንዳንዱ ገደብ ተገቢ ነው፤ ፍርድ ቤት በያዘው ላይ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። የመጨረሻው ገደብ ግን ጠባብ ሆኖ ካልተተረጎመ ከባዱን በደል ከበሩ የሚመልስ ሊሆን ይችላል።

ነፃነቱ በምን ይለካል?

በ2019 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር ያለው የቬኒስ ኮሚሽን ስለ እንባ ጠባቂ ተቋማት 25 መርሆዎች አውጥቷል። ቁም ነገሮቹን እስካሁን ካየነው ታሪክ ጋር ብናስተያያቸው እንዲህ ይሆናሉ።

አንደኛ፣ ተቋሙ በሕገ መንግሥት ላይ ይቁም፤ ደግ ሰው ሲሄድ አብሮ እንዳይሄድ። የአል-ሙህተዲን ጉልላት እናስታውስ።

ሁለተኛ፣ ሿሚው የሚመረመረው አካል አይሁን፤ የሥራ ዘመኑም ከሾመው አካል ዘመን ይርዘም። መእሙን በልጁ ጉዳይ ዳኝነቱን ለሌላ የሰጠበትን ምክንያት እናስብ።

ሦስተኛ፣ በቂና ራሱን የቻለ በጀት ይኑረው። ወረቀትና መኪና ከሚመረምረው መሥሪያ ቤት የሚለምን ሰው ያን መሥሪያ ቤት እንዴት ይቆጣጠራል?

አራተኛ፣ መዝገብ ሲጠይቅ «የለም» አይባል፤ በራሱ አነሳሽነትም መመርመር ይቻለው። አል-ማወርዲ ይህን የጻፈው ከ9 መቶ ዓመት በፊት ነው።

አምስተኛ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ይውጣ። የኩፋው ምርመራ በየመስጂዱ እንደተካሄደ ሁሉ።

ውድ አድማጮች! የመጨረሻው ድርሻ የእኛ ነው። የሟች ባሏን ጡረታ ለማስከበር አንድ ዓመት ሙሉ «ነገ ነይ» የተባለች እናት በየሠፈራችን አትጠፋም። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለችውን እናት «ሶብር አድርጊ» ብለን እንሸኛታለን። ሶብር መልካም ነው፤ ነገር ግን ተበዳይን ዝም ለማሰኘት አልተደነገገም። ከዚያ ይልቅ አቤቱታዋን እንጻፍላት። የሄደችበትን ቀን፣ ያነጋገራትን ክፍል፣ የተሰጣትን መልስ በቅደም ተከተል እናስፍርላት። የሰነዶቿን ቅጂ እንያዝላት። መጀመሪያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ታቅርብ፤ መልስ ካጣች ወደ እንባ ጠባቂ እንውሰዳት። የመእሙን ሴት ያሸነፈችው በሁለተኛው እሑድ ተመልሳ በመምጣቷ ነው።

በወንበር ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴም! የተበዳይ ዱዓ በእርሷና በአላህ (ሱ.ወ) መካከል ግርዶሽ እንደሌላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮችም ወደ አገራችን የተላኩት ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ያለባት ምድር በመሆኗ ነበር። ነጃሺም የቁረይሽን ስጦታ አልተቀበለም፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ሳይሰማም ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጠም። ስጦታን መመለስና ሌላውን ወገን መስማት የእንባ ጠባቂነት መጀመሪያው ነው። ይህ ስም ለአገራችን የተሰጠው ያኔ ነው፤ ዛሬ የምንጠየቀው ግን እኛ ነን።

አላህ የተበዳይን እንባ ከሚያብሱት ያድርገን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።